ሾፌሩን ከመስደብህ በፊት ደብተርህን አምጣ

ወዳጆቼ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ተማሪዎቼም “ቲቸር አሳጥረው” እንዳትሉኝ። ዛሬ አላሳጥርም።

ሰሞኑን ሁለት ከባድ መኪና ያለው አንድ ወዳጄ ገጹ ላይ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ “ሾፌር ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚሰርቅህና የሚገለብጥህ።” ሰው በሳቅ ሞተ። ከሳቁት ውስጥ ባለመኪኖች አሉ፣ አስመጪዎች አሉ፣ ዕቁብ ገብተው መኪና ሊገዙ የሚያስቡ አስተማሪ ባልደረቦቼም አሉበት። ያልሳቁትንም አውቃቸዋለሁ። እኔ ያስተማርኳቸው፣ ዛሬ መሪ ጨብጠው የሚያድሩ ልጆች ናቸው። ጋላፊ ወረፋ ላይ ሆነው ስልካቸውን ሲነካኩ አንብበውት ዝም ብለው አልፈዋል። አንዱ ብቻ በውስጥ መስመር “ቲቸር፣ አየኸው አይደል?” አለኝ።

አየሁት። ስለዚህ እኔ ልመልስ፤ እነሱ ቢመልሱ ነገ ቁልፍ አስረክቡ ይባላሉ፣ እኔን ግን ከጥቁር ሰሌዳ የሚያባርረኝ ባለመኪና የለም።

የምለው አንድ ነገር ነው። በአገራችን የረጅም መንገድ ጭነት የማይታመን የሆነው ሾፌሩ ሌባ ስለሆነ አይደለም። ባለቤቱ መኪና ገዛ እንጂ ሥራ አላቋቋመም። መኪና መግዛትና የትራንስፖርት ሥራ መሥራት ደግሞ ላም መግዛትና ወተት ማቅረብ ያህል ይለያያሉ። ላሚቱን ገዝተህ፣ ሳር ሳትሰጣት፣ ለአላቢው “ወተቱን ሰረቅከኝ” ትላለህ።

“አንተ የሒሳብ አስተማሪ ምን አገባህ?” የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። የማስተምረው ሞጆ ነው። ደረቅ ወደቡ ያለበት ከተማ። እዚህ ተማሪ ከክፍል ሲቀር “ታመመ?” ብለን አንጠይቅም፤ “በየትኛው መኪና ሄደ?” ነው የምንለው። ሁለተኛ፣ አጎቴ ሦስት መኪና አለው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ማታ ማታ ሂሳቡን የምይዝለት እኔ ነኝ። የናፍጣውን ደረሰኝ፣ የጎማውን፣ የአበሉን፣ የጋራዡን፣ ሁሉንም። ዲግሪ የለኝም፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ ለማባዛትና ለማካፈል ግን በቂ ነው። ወዳጄ ለሾፌሩ ያላደረገው ደግሞ እሱን ነው፤ አላባዛም፣ አላካፈለም።

እስቲ አብረን እንሥራው።

ከሞጆ ተነስተህ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ አድርገህ ጋላፊን አልፈህ ጅቡቲ ስትደርስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱን 1,700 እንበል። ስትወርድ ይቀላል። ስትመለስ ግን ከባሕር ጠለል ተነስተህ ሞጆ ድረስ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ትወጣለህ፣ ያውም ጭነህ፣ ያውም በዚያ ሙቀት። ከጋላፊ ወዲያ ማዶ ያለውን መንገድ ያየ ያውቀዋል፤ መኪናው አይነዳም፣ ይንገዋለላል። ከተማውን፣ ኬላውን፣ ፍየሉን፣ ግመሉን፣ ጉድጓዱን ጨምረህ በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሄድክ ጥሩ ሾፌር ነህ። 1,700ን ለ40 አካፍል። 42 ሰዓት ተኩል። ይህ መሪ ላይ ብቻ የሚያልፍ ሰዓት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው ይላል። 42 ተኩልን ለ8 አካፍለው፤ ከአምስት ቀን ያልፋል። ስድስት እንበል። ጅቡቲ ገብቶ ሰነዱ አልቆ ጭነቱ እስኪደርሰው ሁለት ቀን ብቻ ከጠበቀ ዕድለኛ ነው። ጉምሩክና ማራገፊያ አንድ ቀን። ጋራዥ ገብቶ ፍሬኑ፣ ባሌስትራው፣ ዘይቱ እስኪታይ አንድ ቀን። ሲደመር አሥር ቀን። በወር ሦስት ቢያጆ፣ ያውም እሑድ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ያውም ልጁን ሳያይ።

አሁን ባለመኪኖቹን ጠይቋቸው፤ “መኪናህ በወር ስንት ይሠራል?” “አራት መሥራት አለበት፣ አለዚያ አያዋጣም።” አራት ማለት አንዱ ቢያጆ በሰባት ቀን ተኩል ያልቃል ማለት ነው። ሁለት ቀን ተኩል መቆረጥ አለበት። ከምኑ? ወደቡን መቁረጥ አትችልም፤ ያንተ አይደለም። ጉምሩኩን አትቆርጠውም። የሚቆረጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የጋራዡ ቀንና የሾፌሩ እንቅልፍ።

እንግዲህ አንተ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ “አራት” ስትል፣ ሌሊት ንዳ ብለሃል። ፍሬኑ ሳይታይ ውጣ ብለሃል። በአፍህ አላልክም፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ከዚያ “ጫት ይቅማሉ” ትላለህ። ማን ገዛላቸው? በቢያጆ ስለምትከፍል፣ ቆሞ ለሚያድርበት ምንም ስለማትሰጥ፣ እሱም እንደ አንተ ቁጥሩን ያውቀዋል። ያላረፈ ይበላል፣ ያረፈ አይበላም። እንዲህ አድርገህ ሠርተኸው ሲገለበጥ “ገለበጠኝ” ትላለህ።

አንድ ልጅ ነበረኝ፣ 10ኛ ክፍል ያስተማርኩት። ስሙን አልጽፍም። ጂኦሜትሪ ላይ ጎበዝ ነበር፣ በተለይ ስዕሉን ሲሠራ ማስመሪያ አይፈልግም። ቤት ሲቸግር ረዳት ሆኖ ገባ። መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ሾፌሩ በዚያ ወር አራተኛ ቢያጆውን ይዞ ነበር፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ከገዋኔ በኋላ ዓይኑ አልከፈት ሲለው “ትንሽ ያዝልኝ” አለው። ልጁ ያዘ። አንድ የተበላሸ መኪና መንገድ ላይ ቆሟል፤ መብራት የለውም፣ አንጸባራቂ የለውም፣ ከኋላው ድንጋይ ተደርድሮለታል። ድንጋዩን ሲያየው ዘግይቷል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ባለመኪናው ምን አለ መሰላችሁ? “ረዳቱን የቀጠረው ሾፌሩ ነው፤ እኔ አላውቀውም።” መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረውና ተጠግኖ ወጣ፣ አሁንም ይሠራል፤ እኔ ራሴ ሲያልፍ አየዋለሁ። ልጁ ካርድ ይሸጣል። ሕጉ እኮ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነህ ይለዋል። ግን ለዚያ መጀመሪያ አሠሪ ነኝ ማለት ይጠይቃል። በዚህ ሥራ ውስጥ ደግሞ አሠሪ የሚባል ሰው ጠፍቷል። ሁሉም “ባለንብረት” ነው።

ረዳት የሚባለው ልጅ በስንቱ መኪና ላይ ነው በወረቀት ተመዝግቦ ያለው? ውል አለው? አሠሪው ማዋጣት ያለበት የጡረታ 11 በመቶ ይከፈልለታል? ኧረ ስሙ እንኳ የትም አልተጻፈም። ጎማ የሚቀይረው፣ ሸራ የሚያስረው፣ ሌሊት ጭነት የሚጠብቀው እሱ ነው። የነገው ሾፌር እሱ ነው። የነገውን ሾፌር እንደዚህ አድርገህ አሳድገህ ታማኝ እንዲሆንልህ ትጠብቃለህ።

ወደ ስርቆቱ ልምጣ። አለ። የለም አልልም። ናፍጣ ይቀዳል፣ ያልተፈቀደ ዕቃ ይጫናል፣ መለዋወጫ ይቀየራል። ክፉ ሰው በየሙያው አለ፣ በእኛም ሙያ አለ። ነገር ግን ሁሉም ሾፌር ከሰረቀህ ችግሩ ከሾፌሩ ፀባይ አልፏል፤ አከፋፈልህ ነው።

ይህንንም በቁጥር እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ120 አለፈ። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ስንቱ ባለመኪና ግን የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ መሆኑን አሰበ? አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፣ ለአሥርት ዓመታት ያው ነው። ስለዚህ ብር ሲወድቅ የሾፌሩ አበል ጅቡቲ ላይ አብሮ ወደቀ። አንድ ፍራንክ 32 ሳንቲም የነበረው 68 ሳንቲም ሆነ። እንበል አንድ ነገር 100 ፍራንክ ይገዛ ከነበረ፣ 32 ብር ያወጣበት የነበረውን ያኔ 68 ብር ያወጣበት ጀመር። ውሃው፣ ሩዙ፣ መታጠቢያው፣ ሁሉ። ሾፌሩ ፒኬ 12 ላይ አስፋልቱ በሚያቃጥልበት ወር ሦስት ቀን ቆሞ ውሃ መጠጣት የለበትም?

አንተ በዚያ ሳምንት ምን አደረግህ? ለአስመጪው ደውለህ “ዶላር ጨምሯል፣ ጎማ ጨምሯል” ብለህ ዋጋ ጨመርክ። ልክ ነህ፤ ጨምሯል። አበሉን ግን እዚያው ተውከው። ሾፌሩ የጎደለውን ከየት ያምጣ? ከታንከሩ ነዋ! አንተ ያልጨመርከውን እሱ ራሱ ጨመረ። ስርቆት ነው፣ አዎ ነው። ግን የመጀመሪያውን ስርቆት የሠራው ማን ነው?

ደግሞ ስንት ነው የተቀዳው? መኪናው ጭኖና ባዶውን ተደምሮ በ100 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ይበላል ብንል፣ ለ1,700 ኪሎ ሜትር 765 ሊትር ነው። ለሂሳብ እንዲቀለን ሊትሩን በ100 ብር እንያዘው፣ አሁን ከዚያም በላይ ነው፤ 76,500 ብር። ከዚህ ላይ 30 ሊትር ቢጎድል 3,000 ብር ነው። ሾፌሩን ጅቡቲ ላይ በክብር ለማቆየት ከሚያስፈልገው ጭማሪ ጋር ብታስተያየው ብዙም አይራራቅም። ልዩነቱ፣ በአበል ብትሰጠው የሚያከብርህ ሾፌር ይኖርሃል። ሳትሰጠው ሲቀዳ የሚሸሽህ ሾፌር ይኖርሃል፤ ከናፍጣው ጋር ደግሞ ሌላ ነገር መደበቅ ይለምዳል። ፍሬኑ እንደሳሳ ያውቃል፣ አይነግርህም።

“ድሮ እንዲህ አልነበረም” ይላሉ ሽማግሌዎቹ። አጎቴም ይላል። በኤንትሬ ዘመን፣ አሰብ ሲመላለሱ፣ ሾፌር የከተማው ጌታ ነበር፤ ሲገባ ልጆች መኪናው ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። እውነት ነው። ግን ያ ዘመን አልፏል፣ ያለፈውም በሾፌር ጥፋት አይደለም። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፤ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በአንድ በር፣ በጅቡቲ፣ ሆነ። በአንድ በር ስለሆነ ወረፋ ሆነ። ወረፋ ስለሆነ ጭነት መኪናን ይለምን ጀመር። ያኔ ማንም መኪና ያለው ሰው፣ ቢያረፍድም ቢያበላሽም፣ ሥራ አያጣም ነበር። ብዙዎቻችሁ ሥራውን የተማራችሁት በዚያ ወቅት ነው። ነጋዴ ነን ብላችሁ አሰባችሁ፤ ወረፋው ነው ያበላችሁ።

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ባቡሩ መስከረም 2009 ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ያኔ “አለቀልን” ያላችሁ አላችሁ፤ በኋላ ደግሞ “ባቡሩ ምንም አላመጣም” ብላችሁ ተኛችሁ። ሁለቱም ልክ አይደለም። ባቡር አንድ መስመር ነው ያለው፤ ኮምቦልቻ አይወጣም፣ ጅማ አይደርስም፣ የአስመጪውን መጋዘን በር አያንኳኳም። ባቡሩ ግን ኮንቴይነር በብዛት ይዞ ሞጆ ድረስ መምጣት ይችላል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ለመኪና የሚቀረው ቀኑ ተቆጥሮ የሚፈለግ ጭነት ነው። የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ፣ የማሽን ዕቃ፣ ከደረቅ ወደብ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው። ይህን የሚሰጥህ ሰው “መቼ ይደርሳል?” ብሎ ይጠይቅሃል። “እግዜር ያውቃል” ብትለው በሚቀጥለው ጊዜ አይደውልልህም።

ናፍጣም ተቀይሯል። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ቆየ። ድሮ ናፍጣ ርካሽ ስለነበር ብክነቱ አይታይም ነበር፤ ማርሽ ሲያላቅቅ፣ ሞተር ሲያስነሳ ሲያድር፣ ጎማው ነፋስ ሲያንሰው። አሁን እያንዳንዷ ሊትር ትታያለች። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ክፍያ ሆኗል፤ የት፣ መቼ፣ ስንት ሊትር እንደተቀዳ መልእክቱ ስልክህ ላይ አለ። ጂፒኤስ አለ። “አላየሁም፣ አላወቅኩም” የሚባል ነገር የለም። እኔ በደብተርና በእስክሪብቶ የማውቀውን አንተ በስማርት ስልክ እንዴት አታውቀውም? ጂፒኤሱን የገዛኸው ሾፌሩን ለመያዝ ብቻ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናህ ሲሄድ ያሳይሃል፣ አንተም ታያለህ፣ “ጎበዝ፣ ቶሎ እየደረሰ ነው” ብለህ ትተኛለህ። ያንን ማታ ልትደውልለት ሲገባህ።

ሌላም አለ። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበ፤ በኋላ ቢላላም ያ ጊዜ ብዙ ሰው አስተማረ። ብድር እንደ ድሮው አይገኝም፣ አዲስ መኪናና መለዋወጫ ደግሞ በአዲሱ ዶላር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያለህ መኪና ነው ያለህ። ገዝቶ፣ ጨርሶ፣ ሸጦ፣ ሌላ መግዛት የሚባለው ጨዋታ ቆሟል። አሁን የሚያተርፈው መኪናውን የሚያቆይ ሰው ነው። መኪናን የሚያቆየው ማን ነው? ባለቤቱ? ባለቤቱ እኮ የካምቢዮውን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። መኪናን የሚያቆየው ሾፌር ነው። ያልተሰደበ፣ ያረፈ፣ ነገም እዚሁ መኪና ላይ እንደሚሆን የሚያውቅ ሾፌር።

ሕዝቡ ሲኖውን “ቀይ ሽብር” ብሎ ስም አውጥቶለታል። ለብረቱ የተገባ ስም አይመስለኝም። እዚያው መኪና ላይ አሥር ዓመት ያለ ጭረት የሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። ስሙ የሚገባው በቢያጆ ቆጥሮ ለሚያሯሩጠው አሠራር ነው።

አጎቴ መልአክ አይደለም። ቆጣቢ ነው፣ አንዳንዴም ንፉግ ነው፤ ሠርጌ ላይ የሰጠኝን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ግን ሦስት ነገር ያደርጋል። ሾፌሮቹ የወር ደመወዝ አላቸው፤ በቢያጆ የሚከፈለው ትንሽ ጭማሪ ነው፤ ወደብ ላይ ለሚቆሙበት ቀን ለብቻ አበል አለ፣ እሱም በፍራንክ ተሰልቶ። ረዳቶቹ በስማቸው ተመዝግበዋል፣ ውል አላቸው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መኪናው ከሄደ ደውሎ ያስቆመዋል፤ የፀጥታም ጉዳይ አለበት፣ የእንቅልፍም። መኪኖቹ በወር ከሦስት ቢያጆ በላይ ሠርተው አያውቁም፣ ሁለት የሠሩበት ወርም ብዙ ነው።

“ታዲያ ከሰረ?” አልከሰረም። አልከበረምም። ያልፈረመባቸው፣ “በአራት ቀን አድርስልኝ” ተብሎ እምቢ ያላቸው ጭነቶች አሉ፤ ሌላው ወስዷቸዋል። እኔ ሂሳቡን ስይዝ ያን ወር ቀይ ነው የሚያሳየኝ። ግን አንድ የፋብሪካ ባለቤት አለ፣ ለዓመታት ጭነቱን ለሌላ አልሰጠም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው ያለኝ ይህ ነው፦ “ያጎትህ መኪና ይበላሻል፣ እንደማንም። ግን ሲበላሽ ቀድሞ ይደውልልኛል። ማክሰኞ ብሎኝ ሐሙስ የሚሆን ከሆነ እሑድ አውቀዋለሁ። ማሽኔን በዚያው አስተካክላለሁ።” እንዴት ነው አጎቴ እሑድ የሚያውቀው? ሾፌሩ ስለሚነግረው። ሾፌሩ ለምን ይነግረዋል? ሲነግረው ስለማይሰደብ። በቃ ይኸው ነው ምስጢሩ። ታማኝ ትራንስፖርት የሚባለው ቶሎ የሚደርስ አይደለም፤ የማይደርስበትን ቀን ቀድሞ የሚናገር ነው። ሾፌሩ የሚፈራህ ከሆነ ያንን መረጃ መቼም አታገኘውም። “መንገድ ላይ ነኝ፣ እየደረስኩ ነው” ብቻ ትሰማለህ፤ ሚሌ ላይ ፍሪሲዮን አውርዶ።

ማኅበሮቹስ? አባል ካልሆንክ ጭነት አታገኝም፣ ገብተህ ትከፍላለህ፣ ተራ ትጠብቃለህ፣ ማኅተም ይመታልሃል። ከዚያስ? አንድ ማኅበር ሃምሳ መኪና ካለው ሃምሳ መኪና ያለው ድርጅት ነው ማለት እኮ ነው። የጋራ ጋራዥ ማቆም ይችላል። ጎማ በጅምላ መግዛት ይችላል። አዋሽ ወይም ሚሌ ላይ ትኩስ ሾፌር አስቀምጦ መቀያየር ይችላል፤ መኪናው ይሄዳል፣ ሰው ይተኛል። ያን ጊዜ አራት ቢያጆ ራሱ ሕልም አይሆንም፣ ያለ ሌሊት ሬሳ። ይህን የሚያደርግ ማኅበር እኔ አላየሁም፤ ካለ ንገሩኝ፣ ሞጆ ከሆነ በእግሬ ሄጄ አያለሁ። ያየሁት ባለመኪኖች ደላላ ሲረግሙና መልሰው ለደላላ ሲደውሉ ነው።

አሁን ተቃውሞውን እሰማለሁ። “ቲቸር፣ ኬላውስ? ኮቴውስ? በየቦታው የሚዘረጋው ገመድስ? ማዳበሪያ ሲገባ ሥራችንን አስጥለው ሲያሰልፉንስ? ፀጥታውስ?” እውነት ነው፣ ሁሉም እውነት ነው። በየመንገዱ ደረሰኝ ያለውም የሌለውም ይሰበስባል። ሾፌሮች ይታገታሉ፣ ይገደላሉ። ይህንን መንግሥት ነው የሚጠየቀው፤ እኔም አልከራከርም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሾፌርህ ሲታገት ማን ነው ገንዘብ የሚለምነው? እኔ የማውቀው ቤት ሚስቱ ናት። ሁለት ልጅ ይዛ፣ ቤተክርስቲያን በር ላይ፣ መስጊድ በር ላይ፣ በዚሁ በፌስቡክ፣ የሒሳብ ቁጥር ለጥፋ። ባለመኪናው መኪናውን ለማስመለስ ሽማግሌ ልኳል። አንዱ ታግቶ ሌላው እየተጓዘ ባለበት ሳምንት “መኪናዎቻችንን አቁመናል፣ ሰዎቻችን እስኪመለሱ አንጭንም” ያለ የባለንብረት ስብሰባ አልሰማሁም። ታሪፍ ሲነካ ግን አዳራሽ ይሞላል። መንግሥት ለሾፌሩ ግድ የለውም ትላላችሁ፤ መንግሥት ከእናንተ አይቶ ነው።

ባሕር ማዶ ላላችሁት ደግሞ አንድ ቃል። ዳላስም ሚኒሶታም ትራክ የምትነዱ ተማሪዎቼ አላችሁ፤ ስትደውሉልኝ ደስ ይለኛል። እዚያ መኪናው ውስጥ ሰዓታችሁን የሚመዘግብ መሣሪያ አለ፤ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ ነው። 11 ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ 10 ሰዓት ሳታርፉ መሪ አትነኩም። “ቲቸር፣ አንድ ደቂቃ አያልፍም” ብላችሁኛል። እሰየው፣ ነፍሳችሁን ነው የሚጠብቀው። ታዲያ እናንተው ያጠራቀማችሁትን ዶላር ልካችሁ እዚህ መኪና ገዝታችሁ፣ በወንድማችሁ በኩል “ለምን አራት አልሠራም? ሾፌሩን ቀይረው” ስትሉ ምን ልበላችሁ? አዋሽ ላይ ያለው ሰው ዓይን ከእናንተ ዓይን በምን ይለያል? እዚያ የምትጠሉትን አለቃ እዚህ ሆናችሁት።

ዕቁብ ገብታችሁ መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ ባልደረቦቼ፣ አትግዙ አልልም። የአስተማሪ ደመወዝ የት እንደሚደርስ ከእናንተ ጋር ነው የምቆጥረው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሾፌሩንና የረዳቱን ደመወዝ፣ ጡረታቸውን፣ የወደብ ቀን አበላቸውን በፍራንክ፣ 22ቱን ጎማ፣ ጋራዥ የሚቆምበትን ቀን ደምሩ፤ በወር ሦስት ሳይሆን ሁለት ቢያጆ ብላችሁ አስሉ። ከዚያ የሚተርፍ ካለ ግዙ። የማይተርፍ ከሆነ ያ ትርፍ ብላችሁ ያሰባችሁት ገንዘብ የአንድ ሰው እንቅልፍና የአንድ ልጅ እግር ነበር ማለት ነው፣ መኪና አይደለም እየገዛችሁ ያላችሁት።

ያን ቀልድ የለጠፍከው ወዳጄ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ፣ ስምህንም ያልጻፍኩት ለዚያ ነው። ሾፌርህ ከእኔ ተማሪዎች አንዱ ነው። ከአንተ ጋር ሦስት ዓመት ሠርቷል፤ አልሰረቀህም፣ አልገለበጠህም። ከሁለቱ “ዓይነት” የትኛው እንደሆነ ልትነግረኝ ትችላለህ? የዚህን ዓመት ደብተርህን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ አጎቴም ይኖራል፣ ቡና አለ። ጎን ለጎን አድርገን እንየው። ደብተር ከሌለህም ና፤ ከደረሰኝ እንጀምራለን።

የአጎቴን የሂሳብ አያያዝ ሰንጠረዥ የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ ስሞቹን ሸፍኜ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አደርገዋለሁ። ጽሑፌ ካልተነበባችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁ፤ መልስ ከዘገየሁ ፈተና እያረምኩ ነው።